ምዕራፍ 7፦ ከስልክ ወደ መኪና ቴፕ

የመኪና ስክሪን ኢንተርኔት የሚያገኝባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ፋብሪካው ራሱ መኪናው ውስጥ የገጠመው ሲም ነው። ሁለተኛው የስልኩን መተግበሪያዎች ስክሪኑ ላይ እያወጡ መጠቀም ነው፤ አንድሮይድ አውቶና አፕል ካርፕሌይ የዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው ስልኩ ላይ ሆትስፖት ከፍቶ ቴፑን በዋይፋይ ማገናኘት ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም በሚያደርሰው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያማርረውም በእሱ ነው።

የፋብሪካው ሲም እዚህ አገር ለምን እንደማይሠራ ለመረዳት መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ማየት ይበቃል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። ከገቡት ቢዋይዲዎችና ከፎልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ሲማቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደና በቻይና ቴሌኮም የተመዘገበ ስለሆነ፣ ነቅሎ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም መክተት አይቻልም። አካውንት ልክፈት ሲባልም የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ሆትስፖት ይህን ችግር የሚፈታው በግማሽ ነው፤ ስክሪኑ ኢንተርኔት ቢያገኝም ላዩ ላይ የተጫኑት መተግበሪያዎች የሚጠሩት ቻይና ያለ ሰርቨር ነው፣ የጉግል ፕሌይ መደብርም አብሮ አይመጣም። ባለቤቱ የሚፈልገውን መተግበሪያ በፍላሽ ያስጭናል።

የመካነ ሰላም መንገድ በሚያልፍበት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚታየው መኪና ግን በአመዛኙ ሌላ ነው፤ ሃይሩፍ፣ ላንድክሩዘር፣ ፒክአፕ፣ አይሱዙ። እነዚህ ከፋብሪካ ሲወጡ ሬዲዮና ሲዲ ብቻ ነበራቸው፤ ኋላ ላይ ባለቤቶቹ የድሮውን አስነቅለው 9 ወይም 10 ኢንች ስክሪን ያለው አንድሮይድ ቴፕ አስገጥመውባቸዋል። አንድሮይድ ቴፕ ማለት ዳሽቦርድ ላይ የተሰካ ታብሌት ማለት ነው። ዋይፋይ አለው፣ ብሉቱዝ አለው፣ የጂፒኤስ አንቴና አለው። የሲም ማስገቢያ ያላቸውም አሉ፤ ርካሾቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም።

ወደ ሆትስፖቱ ከመግባት በፊት ብዙ ሹፌር የሚደናገርበትን አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። በአንድሮይድ አውቶ ወይም በካርፕሌይ የሚነዳ ሰው ሆትስፖት መክፈት አያስፈልገውም። ካርታውም ሙዚቃውም ስልኩ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ስክሪኑ ያሳያል እንጂ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በኬብል ሳይሆን በአየር የሚገናኘው ካርፕሌይ የቴፑን ዋይፋይ ራሱ ይይዘዋል። ስለዚህ ባለ አንድ ዋይፋይ ቴፕ በአንድ ጊዜ የካርፕሌይም የሆትስፖትም ሊሆን አይችልም፤ አንዱን ሲይዝ ሌላውን ይለቃል። «ካርፕሌዬ እየቆረጠብኝ ነው» ከሚባለው ቅሬታ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ምንጩ ይኸው ነው። ቴፑን ከሆትስፖቱ ማውጣት ብቻውን ችግሩን ያስወግደዋል።

ሁለት ግንኙነት፣ ሦስት ብልሽት

ሆትስፖት ሲከፈት ስልኩ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ከቴሌ ምሰሶ ዳታ ይቀበላል፣ በሌላ በኩል ያንኑ ዳታ በዋይፋይ ለቴፑ ያቀብላል። ብልሽት ሲመጣ መጀመሪያ መለየት ያለበት የትኛው በኩል እንደተቋረጠ ነው። ስልኩ ላይ ቴሌግራም ካልከፈተ ጉዳዩ ከምሰሶው ጋር ነው፤ ቴፑን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ስልኩ እየሠራ ቴፑ ሆትስፖቱን ካላየው ወይም ፓስወርድ ሰጥቶት ካልገባ፣ ጉዳዩ በስልኩና በቴፑ መካከል ነው። ሦስተኛው ዓይነት ግራ የሚያጋባው ነው፤ ስልኩ ይሠራል፣ ቴፑም «ተገናኝቷል» ይላል፣ ግን ምንም አይከፍትም።

ሁለተኛው ዓይነት ብልሽት የሚፈታው ስልኩ ላይ ባሉ ጥቂት ማስተካከያዎች ነው። ዋይፋይ በሁለት የሞገድ ክልል ይሠራል፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። አዳዲስ ስልኮች ፍጥነት ፈልገው 5 ላይ ሊከፍቱ ይችላሉ፤ ርካሽ ቴፖች ደግሞ 5 ጨርሶ አይታያቸውም። በአይፎን ከ12 ወዲህ ባሉት ሆትስፖቱ ገጽ ላይ ተኳኋኝነትን የሚጨምር ቁልፍ አለ፤ እሱ ሲበራ ስልኩ ወደ 2.4 ይወርዳል። በአንድሮይድ ስልክ የሞገዱን ክልል በቀጥታ መምረጥ ይቻላል። የሚስጥር ቁልፉ ዓይነት ሌላው ጉዳይ ነው፤ ስልኩ ደብሊውፒኤ 3 ላይ ከሆነ የቆየ ቴፕ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ «ስህተት ነው» ይላል። ወደ ደብሊውፒኤ 2 መመለስ ነው።

የሆትስፖቱ ስምም ጣጣ አለው። አይፎን ከሳጥኑ ሲወጣ ስሙን ከባለቤቱ ስም ጋር በእንግሊዝኛ ጭረት ያያይዘዋል፤ አንዳንድ ቴፕ ያቺን ትንሽ ጭረት ማንበብ ያቅተዋል። በፊደል፣ ማለትም በግዕዝ ሆሄ፣ የተጻፈ ስምም እንዲሁ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ተተክቶ ሊታይ ይችላል። ስሙን ወደ አጭር የላቲን ፊደልና ቁጥር መቀየር ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

ከሁሉ በላይ ሹፌሮችን የሚያሰለቻቸው ሆትስፖቱ በራሱ መጥፋቱ ነው። አንድ ሰው ለምሳ ሞተር አጥፍቶ ወርዶ ሲመለስ ቴፑ ሆትስፖቱን አያገኘውም። ስልኩ የተገናኘ ዕቃ እንደሌለ ሲያይ ባትሪ ለመቆጠብ ዘግቶታል። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህን የሚወስን የደቂቃ ምርጫ አለ፤ «በጭራሽ አይጥፋ» የሚለው ላይ ማድረግ ይቻላል። አይፎን እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም፤ የሆትስፖቱን ገጽ ከፍቶ ቴፑ እስኪገባ መጠበቅ ግድ ነው። ከዚህ ለመገላገል በየቀኑ የሚነዱ ሰዎች አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ወይም በሲም የሚሠራ የኪስ ዋይፋይ መኪናው ውስጥ ትተው ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ቻርጅ ያደርጉታል። በወር ፓኬጅ የሚሞላ ሌላ ሲም ማለት ስለሆነ ወጪ አለው፤ ለታክሲና ለጉዞ ወኪል መኪና ግን ያዋጣል።

የቴፑ ሰዓት

ሦስተኛው ዓይነት ብልሽት፣ ማለትም «ተገናኝቷል ግን አይከፍትም» የሚለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሌላው አገር ይልቅ ሊበዛ የሚችልበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም ሰዓትና ዘመን አቆጣጠር ነው።

ዛሬ ማንኛውም መተግበሪያ ከሰርቨር ጋር ከመነጋገሩ በፊት የሰርቨሩን የምስክር ወረቀት ይመረምራል። የምስክር ወረቀቱ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ይጸናል የሚል ጽሑፍ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 እስከ መጋቢት 2026 ለሕዝብ ድረ ገጾች የሚሰጠው ረጅሙ ዕድሜ 398 ቀን ነበር። መርማሪው ደግሞ የሚያምነው ቴፑ ላይ ያለውን ሰዓት ነው። ቴፑ የዛሬን ቀን በስህተት ወደ ኋላ ከያዘ ትክክለኛውን የምስክር ወረቀት «ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። ዩቲዩብ አይከፍትም፣ ካርታ አይጫንም፣ የመተግበሪያ መደብሩ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። የዋይፋዩ ምልክት ግን እንደበራ ነው።

አሁን ሹፌሩ ቴፑ ሰዓት እንዲሞላ ሲጠይቀው ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ብሎ ይሞላል እንበል። ለቴፑ ይህ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ በዚያ ዓመት ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት የምስክር ወረቀቶች አንዱም አልተሰጠም። ሰዓቱን ጧት 2 ብሎ መሙላት ያን ያህል አይጎዳም፣ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚያዛንፈው። ዓመቱ ግን ቴፑን ከኢንተርኔት ይቆርጠዋል። ከቻይና ሲመጣ በቤጂንግ ሰዓት ተሞልቶ የመጣ ቴፕም አለ፤ እሱን ከአዲስ አበባ ጋር ለማስማማት ቁጥሩን ሳይሆን የሰዓት ቀጠናውን መቀየር ነው።

ሰዓቱ አንዴ ተስተካክሎ በማግስቱ ጧት እንደገና ከተበላሸ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የገጣሚው ነው። ከቴፑ ጀርባ ከሚወጡት ሽቦዎች መካከል ቢጫው ከባትሪው ያለማቋረጥ ኃይል የሚወስድና ሰዓትና ምርጫዎችን የሚያስታውስ ነው፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ያገኛል። ባትሪ እንዳይጨርስ በሚል ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ቁልፉ ላይ ማሰር የተለመደ ነው። ውጤቱ መኪናው በቆመ ቁጥር ቴፑ ሁሉን ነገር መርሳቱ ነው፤ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፣ አንዳንዴም የሆትስፖቱ ፓስወርድ ይጠፋል። መድኃኒቱ ቢጫውን በፊውዝ አድርጎ ወደ ባትሪ መመለስ ነው። ባትሪውን ቴፑ በእርግጥ የሚጨርሰው ከሆነ ደግሞ ቴፑ ውስጥ የእንቅልፍ ጊዜን የሚወስን ምርጫ ፈልጎ ማሳጠር ይሻላል። ብዙ ቴፖች ሰዓትን ከጂፒኤስ ሳተላይት የመውሰድ ምርጫም አላቸው። ይህ ምርጫ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ መካነ ሰላም ለሚመላለስ መኪና ከሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው።

ከጉጉፍቱ ወዲያ፣ በመካነ ሰላም መንገድ

አንደኛው ዓይነት ብልሽት፣ የምሰሶው፣ በማስተካከያ የሚፈታ አይደለም። የመሬቱ አቀማመጥ ነው የሚፈጥረው። ምዕራብ ደቡብ ወሎ በአንድ ወገን የደቡብ ወሎ ከፍተኛው ተራራ አምባ ፈሪት ያለበት ውርጫማ ደጋ ነው፤ በሌላ ወገን ደግሞ በሰሜን በበሽሎ፣ በምዕራብ በዓባይ ሸለቆ የተቆረጠ አገር ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ጉንደወይን ይወጣል። የሞባይል ሞገድ በአመዛኙ በቀጥታ መስመር የሚሄድ ስለሆነ ምሰሶው ከከተማው ጉብታ ላይ ቢተከልም፣ መንገዱ ከተራራው ጀርባ ሲታጠፍ ወይም ገደል ሲወርድ ጥላ ውስጥ ይገባል። በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ በደንቆሮ ደን ግድም እንዳለው ዓይነት አገር፣ ሸንተረሩ ላይ የነበረ ምልክት ጥቂት መቶ ሜትር ዝቅ ሲሉ ሊጠፋ ይችላል።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ስልኩ ምልክቱን ሙሉ ያሳያል፣ ዳታ ግን አይንቀሳቀስም። ምሰሶው በአስር ዋቶች በሚቆጠር ኃይል ይልካል፤ ስልኩ በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ (4ጂ) የሚመልሰው ከፍ ቢል በ0.2 ዋት ነው። ስለዚህ ከሸለቆው ማዶ ያለ ሩቅ ምሰሶ ለስልኩ ይሰማዋል፣ የስልኩ ድምፅ ግን ምሰሶው ጋ አይደርስም። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ (2ጂ) የርቀት ገደብም አለ፤ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ስልክ በጥሩ ምልክት እንኳ በተለመደው አሠራር አይስተናገድም። መፍትሔው ከአፋፉ ራቅ ብሎ ወደ ውስጥ መግባት ነው፤ ስልኩ በቅርቡ ያለውን ምሰሶ እንዲመርጥ።

ስልኩ ከሸለቆ ሲወጣ ወዲያው ወደ አራተኛው ትውልድ አይመለስም፤ ባገኘው በሁለተኛው ትውልድ ላይ ተጣብቆ ሊቆይ ይችላል። የበረራ ሁኔታን ለጥቂት ሰከንድ አብርቶ ማጥፋት እንደ አዲስ እንዲፈልግ ያስገድደዋል፤ ይህ ሆትስፖቱንም አብሮ ስለሚዘጋ መልሶ መክፈት ያስፈልጋል። ቴፑም የራሱ ቂም አለው። ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ሲያጋጥመው «ይህን ተወው» ብሎ ሊለቀውና ከዚያ ወዲያ ላይመለስ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠይቅ «ኢንተርኔት ባይኖርም ተገናኝ፣ ሁለተኛ አትጠይቅ» የሚለውን መምረጥ ከዚህ ያድናል። ጥሪ ሲመጣ ከኢንተርኔት የሚመጣው ሙዚቃ የሚቆመውም ኔትወርኩ ስለሚወርድ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ በአራተኛው ትውልድ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ ካልቻለ ለጥሪው ወደ ኋላ ኔትወርክ ይወርዳል፣ በሁለተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ ጥሪ ባለበት ዳታ ይቆማል። ቴፑ አልተበላሸም።

ተራራው ብቻም አይደለም መቋረጥን የሚያመጣው። መብራት ሲጠፋ ምሰሶው በባትሪና በጄኔሬተር የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ወራት ዘልቋል፤ በዚያ ጊዜ ጥሪ እየሠራ እንኳ ሆትስፖት የሚያቀብለው ነገር አልነበረም። በዚህ መንገድ ላይ የሚነዳ መኪና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሆኖ መዘጋጀት አለበት፤ ሆትስፖቱ ሲገኝ የሚጨመር ነው።

ዝግጅቱ ከካርታ ይጀምራል። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ቴፑ ከሳተላይት ብቻ ቦታውን ያውቃል። ኢንተርኔት የሚረዳው የሳተላይቶቹን መረጃ አስቀድሞ በማምጣት ነው። ያለ እሱ ቴፑ ከእያንዳንዱ ሳተላይት የ30 ሰከንድ ገደማ ስርጭት መስማት አለበት፤ ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ቴፕ ደግሞ ሙሉውን የሳተላይት ማውጫ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ገደል ውስጥ ሆኖ ከመጠበቅ ይልቅ ሰማይ በሚታይበት ሜዳ ላይ፣ ከመነሳት በፊት፣ ቴፑን አብርቶ ማቆየት ይበጃል። የሚጎድለው ሥዕሉ ነው፤ እሱም አስቀድሞ ሊወርድ ይችላል። በጉግል ካርታ አካባቢውን መርጦ ማውረድ አለ፤ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ የተመሠረቱት ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለቴፕ የሚሻሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ጉግልን የማያውቀው የቻይና ስክሪን ላይም ይጫናሉ።

ሙዚቃን በተመለከተ የወሎ ሹፌር ከማንም ቀድሞ መፍትሔ አግኝቷል፤ ፍላሽ። አምባሰልና ባቲ ቅኝት፣ መንዙማውም ጭምር፣ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይደመጣል።

ኢንተርኔት ባለበት ጊዜ የሚወስደው ዳታ በቀላሉ ይሰላል። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የሚተላለፍ ሙዚቃ በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይፈጃል፤ አንድ ጊጋባይት 17 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በ320 ኪሎቢት ከሆነ 144 ሜጋባይት ነው። መንገድ ማሳየት በሰዓት ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ቪዲዮ ሁሉንም ያስንቃል፤ መካከለኛ ጥራት እንኳ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሳይታይ የሚበላው ግን ቴፑ ራሱ ነው። ዋይፋይ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ዋይፋዩ ገደብ የሌለው ይመስለዋል፤ ስለዚህ የመተግበሪያ አፕዴት ማውረድ ይጀምራል። አዲስ የተሞላ ፓኬጅ መንገዱ ላይ ካለችው ካቤ ሳይደረስ የሚያልቀው በዚህ ነው። ቴፑ ላይ የሆትስፖቱን ስም ተጭኖ «የተገደበ» የሚለውን መምረጥ ይህን ያስቆማል። ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ደግሞ ዳታ የሚወጣው ከየትኛው ሲም እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ፓኬጁ በአንዱ ተሞልቶ ዳታው በሌላው ከተከፈተ ካርዱ በፓኬጅ ዋጋ ሳይሆን በመደበኛው ታሪፍ ይቆረጣል።

ስልኩ የት ይቀመጥ? በብረት የተከበበው የመኪና ውስጥ ምልክትን ስለሚያዳክም ኪስና መሳቢያ አይመረጡም፤ ከፊት መስታወቱ አጠገብ ይሻላል። እዚያ ደግሞ የደጋ ፀሐይ አለ። አፕል ለአይፎን የሚሰጠው የሥራ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ደካማ ምልክት እያሳደደ፣ ሆትስፖት ከፍቶ፣ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ከመስታወት ጀርባ ይህን በቀላሉ ያልፋል፣ ራሱን ለማዳንም ቻርጁን ያቆማል። ማራገቢያው ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ማስቀመጫ ሁለቱንም ያስታርቃል። በእጅ መያዝ ግን በሕግም የተከለከለ ነው፤ የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ ማነጋገርን ጥፋት ያደርገዋል። በጎን ያለ ሰው፣ በሕዝብ መኪና ላይ ረዳቱ፣ ሆትስፖቱን ቢይዝ መልካም ነው።

የቴፑን ዋና ሶፍትዌር ማደስ መንገድ ላይ አይሞከርም። ፋይሉ ከመቶዎች ሜጋባይት እስከ ጊጋባይት ይደርሳል፤ በመሃል ኔትወርኩ ቢቋረጥ ማውረዱ ብቻ ነው የሚበላሸው። ሲጫን ሞተሩ ቢጠፋ ግን ቴፑ ከዚያ ወዲያ ላይነሳ ይችላል። ደሴ ላይ ወይም መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ ባትሪው ጤነኛ ሆኖ፣ መኪናው በቆመበት፣ ፋይሉን ቀድሞ በፍላሽ አምጥቶ ከፍላሹ መጫን ነው የሚሻለው።